የትኛው ዳገት ይሻላችኋል? ሞቃታማዎቹን የአውሮፓ ተራሮች በብስክሌት ለመዞር ላሰበ

ሽቱትጋርት የሚኖር አንድ ጓደኛዬ በሰኔ ደወለልኝ። "ብስክሌት ገዛሁ!" አለ። ድምፁ መኪና የገዛ ሰው ድምፅ ነበር። "ኦገስት ላይ ሁለት ሳምንት ዕረፍት አለኝ። ፀሐይም ተራራም እፈልጋለሁ። ማዮርካ ይሻለኛል ግራናዳ?"

"በኦገስት ከሆነ ሁለቱም ይቅርብህ" አልኩት። ቅር አለው።

ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በ2024 ቱር ደ ፍራንስ በሚባለው ታላቅ የብስክሌት ውድድር 3 የቀን ውድድሮችን አሸንፎ የነጥብ አሸናፊውን አረንጓዴ ማሊያ ከወሰደ ወዲህ በማውቃቸው ሐበሾች ዘንድ የብስክሌት ወሬ በዝቷል። ሁሉም የሚጠይቀኝ ግን ያንኑ ነው፤ "የቱ ያምራል?" ሁሉም ያምራል። ልዩነታቸው ሌላ ነው። ማዮርካ በማርች ገነት፣ በኦገስት ምጣድ ነው። ከግራናዳ በላይ ያለው ትልቁ ተራራ በማርች በረዶ ስር ነው፤ በኦገስት ጫፉ ላይ ልብ የሚያርስ ነፋስ ይነፍሳል፤ ከተማው ግን ይነድዳል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚመረጠው ወሩ ነው፤ ቦታው ቀጥሎ ይመጣል። አሠሪያችሁ መቼ እንደሚለቃችሁ ንገሩኝና የት መሄድ እንዳለባችሁ እነግራችኋለሁ። (ወሮቹንም ዓመቶቹንም በፈረንጆቹ የምጠራው የጀልባውም የአውሮፕላኑም ትኬት በዚያው ስለሚቆረጥ ነው።)

ሁለተኛው ጥያቄ ሻንጣ ነው። አንድ ቤት ተከራይታችሁ በየቀኑ ወጥታችሁ ትመለሳላችሁ? ወይስ ዕቃችሁን ብስክሌቱ ላይ ጭናችሁ በየቀኑ ሌላ ቦታ ታድራላችሁ? ሁለተኛው ደስ ይላል፤ ፎቶውም ያምራል። ነገር ግን 12 ኪሎ ጭኖ ዳገት መውጣት ከባዶ ብስክሌት ጋር በፍጹም አይገናኝም። ዳገቱ ሰውን ከሻንጣ አይለይም፤ ሁሉንም ደምሮ ነው የሚያስከፍለው።

እነዚህን ሁለት ነገሮች ይዘን እንሂድ።

ማዮርካ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ

ከፌብሯሪ መጨረሻ እስከ ሜይ፣ ከዚያም ከሴፕቴምበር መጨረሻ እስከ ኦክቶበር ነጻ ከሆናችሁና ከዚህ በፊት ተራራ ላይ ነድታችሁ ካላወቃችሁ፣ ብዙ አታስቡ። ማዮርካ ሂዱ።

ደሴቲቱ የስፔን ናት። ሰሜን ምዕራቡን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚይዘው ሴራ ደ ትራሙንታና የሚባል የተራራ ሰንሰለት ነው፤ በ2011 በዩኔስኮ ዓለም አቀፍ ቅርስነት ተመዝግቧል። ረጅሙ ጫፍ 1,400 ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው። ለእኛ አገር ሰው ይሄ ተራራ ሳይሆን ጉብታ ይመስላል፤ አዲስ አበባ ራሷ ከዚያ ትበልጣለች። ዳሩ ግን እዚህ ዳገቱ የሚጀምረው ከባሕር ወለል ነው። ኤምኤ10 የሚባለው መንገድ ከአንድራች እስከ ፖየንሳ በተራራው ወገብ ላይ እየተጠማዘዘ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ቀኑን ሙሉ ትወጣላችሁ፣ ትወርዳላችሁ።

ማዮርካን ለጀማሪ የምመክረው ግን በውበቷ አይደለም። ነገር ሲበላሽ ቀላል ስለሆነች ነው። በየከተማው የብስክሌት ኪራይ አለ። ጎሚስታ ፍለጋ አትንከራተቱም። ሹፌሮቹ ብስክሌተኛ ማየት ለምደዋል። ደክሟችሁ ወደ ሜዳው ብትወርዱ በግንብ የታጠሩ ጠባብ የገጠር መንገዶች በለውዝ ዛፍ መሃል ወደ ቤት ይወስዷችኋል። ለውዙ በፌብሯሪ ሲያብብ ማየት ራሱን የቻለ ነገር ነው።

ሁሉም ሰው የሚያወራው ስለ ሳ ካሎብራ ነው። እኔም ላውራ። መንገዱን በ1932 የሠራው አንቶኒዮ ፓሪየቲ የሚባል መሐንዲስ ነው። ርዝመቱ 9.5 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አማካይ ዳገቱ 7 በመቶ፣ ስለታም ኩርባው 26። አንድ ቦታ ላይ መንገዱ ዞሮ በራሱ ስር ያልፋል፤ የአገሩ ሰዎች የክራባት ቋጠሮ ይሉታል። ልዩ የሚያደርገው ግን ሌላ ነው። መንገዱ መውጫ የለውም። ባሕሩ ዳር ሄዶ ያልቃል። እንደ ዓባይ በረሃ መጀመሪያ ትወርዳላችሁ፤ ዓባይን ግን ተሻግራችሁ ወደ ፊት ትሄዳላችሁ፣ እዚህ በወረዳችሁበት ነው የምትመለሱት።

እንደ ውሃ እያሳሳቀ ነው የወሰደኝ። ማርች ነበር፣ አየሩ ልከኛ፣ ባሕሩ ከታች ሰማያዊ። ስድስተኛው ይሁን ሰባተኛው ኩርባ ላይ ፍሬኔ መጮህ ጀመረ። ብረት በብረት ላይ ሲፋጭ የሚያወጣውን ድምፅ ታውቃላችሁ። የተከራየሁት ብስክሌት የፍሬን ጎማ እስከ ብረቱ አልቆ ነበር፤ ሱቁ አላየውም፣ እኔም አላየሁትም። የቀረውን መንገድ አንድ እግሬን አስፋልቱ ላይ እየጎተትኩ፣ ኩርባው ሲጠብ ወርጄ እየገፋሁ ደረስኩ። ታች ደርሼ የብርቱካን ጭማቂ አዘዝኩና ወደ ላይ አየሁ። መንገዱ ገደሉ ላይ እንደ ተጣለ ገመድ ተጠቅልሎ ይታያል። ጭማቂውን ቀስ ብዬ ነው የጠጣሁት፣ ሆን ብዬ። ዳገቱ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብኝ። ኩርባውን መቁጠር ጀምሬ 11 ላይ ጠፋብኝ።

ከዚያ ወዲህ ብስክሌት ስከራይ ሱቁ በር ላይ ጎንበስ ብዬ የፍሬኑን ጎማ በጥፍሬ እነካለሁ። እናንተም ንኩት። አያሳፍርም።

ሌላ ምክር፦ የቱሪስት አውቶቡሶች ከረፋዱ ጀምሮ ያንን ጠባብ መንገድ ይሞሉታል። ከፖርት ደ ፖየንሳ ከተነሳችሁ ደርሶ መልሱ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና ጎህ ሲቀድ ውጡ።

ጉድለቷ ምንድን ነው? ብቸኝነት የለም። በኤፕሪል መንገዱ ላይ ከመኪና ብስክሌት ይበዛል፤ በቡድን በቡድን፣ ባለ አንድ ዓይነት ማሊያ እያለፏችሁ ይሄዳሉ። ይሄ ዝም ብሎ በራሱ መንገድ መሄድ ለሚፈልግ ሰው ያናድዳል።

ግራናዳና አልፑሃራ፦ ቆላ፣ ደጋና ውርጭ በአንድ ቀን

የስፔን ደቡብ ሌላ ዓለም ነው። ከግራናዳ ከተማ በላይ ሴራ ኔቫዳ አለ። ከዚያ ቬሌታ ወደሚባለው ጫፍ የሚወጣው አስፋልት በአውሮፓ ከፍተኛው ነው፤ ወደ 3,380 ሜትር ይደርሳል። በባሌ የሳነቲን አምባ በመኪና ያለፈ ሰው ይሄን ሲሰማ ፈገግ ይላል፤ የእኛው ከ4,000 ሜትር በላይ ነውና። ነገር ግን ሳነቲን በሞተር ነው ያለፍነው።

ከተማው 700 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። ከዚያ እስከ ቬሌታ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ያለማቋረጥ ዳገት ነው። 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ መንገዱ ለግል መኪና ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ እናንተ፣ ነፋስና የተቦዳደሰ አስፋልት ብቻ። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ታች 38 ዲግሪ ከሆነ ላይ 22 ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ይሄንን ጫፍ ማየት የሚቻለው በረዶው ሲቀልጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር ነው። በኦገስት የምትሄዱ ከሆነ ከንጋቱ በፊት ተነሱ፤ ለመውረድ የሚሆን ጃኬት ያዙ። ታች በላብ፣ ላይ በብርድ የሚያንቀጠቅጥ ቀን ነው። ለጀማሪ ጓደኛዬ ይቅርብህ ያልኩትም ለዚህ ነው።

እውነቱን ለመናገር ግን ከቬሌታ ይልቅ ልቤ የቀረው አልፑሃራ ነው። ሴራ ኔቫዳ ወደ ደቡብ የሚያዘነብልበት ጎን ነው። ጠፍጣፋ ጣሪያ ያላቸው ነጫጭ መንደሮች ገደሉ ላይ ተለጥፈዋል፤ ፓምፓኔይራ፣ ካፒሌይራ፣ ትሬቬሌዝ። ሙስሊሞቹ አገሩን በያዙበት ዘመን የተጀመሩት የመስኖ ቦዮች ዛሬም ውሃ ያወርዳሉ። በየመንደሩ አደባባይ ከግንብ ውስጥ በቱቦ የሚወርድ ምንጭ አለ፤ በጸጥታው መሃል ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። ጠርሙሱን ስትሞሉት ላስቲኩ ከውጭ በኩል ወዲያው ያልበዋል፤ በረዶ ነው የሚወርደው። ጭንቅላቴን ከስሩ ሳደርግ ያሰማሁትን ጩኸት አልጽፈውም። በሙቅ አገር ብስክሌት ለሚነዳ ሰው ከመልክዓ ምድር በላይ ውሃ ነው ቁም ነገሩ። አልፑሃራ በውሃ አንደኛ ናት።

ሻንጣ ጭኖ ለመዞር የምመክረው መስመር ይሄ ነው። ከግራናዳ ወደ ላንሃሮን፣ ከዚያ በመንደሮቹ በኩል ትሬቬሌዝ፤ 1,476 ሜትር ላይ ነች፣ በአሳማ ሥጋዋ የታወቀች ስለሆነ እኛ በምንጯ እንወዳታለን። ቀጥሎ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ላ ራጓ በተባለው በር ተራራውን መሻገር። ከወዲያኛው በኩል ጓዲክስ ትገኛለች፤ ሰዎች ዛሬም በዋሻ ቤት የሚኖሩባት ከተማ። ከዚያ ወደ ግራናዳ መመለስ። ለዚህ ሜይና ጁን መጀመሪያ፣ ወይም ሴፕቴምበር መጨረሻ ነው ጊዜው።

ዳገት የሚያስፈራው የቤተሰብ አባል ካለ አንዳሉሲያ ሌላ መፍትሔ አላት። የተተዉ የባቡር መስመሮችን ለብስክሌት መንገድነት አስተካክለዋቸዋል። ከኦልቬራ እስከ ፑዌርቶ ሴራኖ ያለው 36 ኪሎ ሜትር ነው፤ 30 ዋሻ አለው። ባቡር ዳገት ስለማይወድ እናንተም አትደክሙም። መብራት ግን እንዳትረሱ።

አንድ የሚያስመርር ነገር አለ፤ ሰዓቱ። ከሰዓት በኋላ ከ8 እስከ 11 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር መንደሩ ይዘጋል። ሱቅ የለም፣ ሰው የለም፣ ድመት ብቻ። የመጀመሪያው ቀን በአንድ ሙዝ 30 ኪሎ ሜትር ነዳሁ። ከዚያ በኋላ ዳቦና ቲማቲም ከጠዋቱ መያዝ ተማርኩ።

ኮርሲካ ወይስ ሰርዲኒያ?

ኮርሲካ የፈረንሳይ፣ ሰርዲኒያ የጣሊያን ናት፤ ሁለቱ ደሴቶች ጎረቤት ናቸው። ከኮርሲካው ቦኒፋሲዮ እስከ ሰርዲኒያው ሳንታ ቴሬሳ ጋሉራ በጀልባ አንድ ሰዓት አይሞላም። ስለዚህ ሁለት ሳምንት ያለው ሰው ሁለቱንም ያገኛል። አንድ ሳምንት ብቻ ያለው ግን መምረጥ አለበት።

ኮርሲካ ተራራ በተራራ ነች። ሜዳ ብትፈልጉ በምሥራቁ ዳርቻ ካልሆነ አታገኙም። ትልቁ ጫፍ ሞንቴ ቺንቶ 2,706 ሜትር ነው፤ የአውራ ጎዳናው ከፍተኛ በር ደግሞ ቬርጂዮ ነው፣ 1,478 ሜትር። ከምዕራቡ ባሕር ዳር፣ ከፖርቶ ከተማ ተነስታችሁ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ትወጡታላችሁ። ርዝመቱ ቢያስፈራም ዳገቱ ለስላሳ ነው፤ ሻንጣ ጭናችሁም ያስኬዳል። ከቀይ ድንጋይ ገደል ትጀምሩና ቼስትነት ወደሚባሉት ዛፎች፣ ከዚያ ወደ ረጃጅም የጥድ ጫካ ትገባላችሁ። ጥላ አለ። በሙቅ አገር ጥላ ያለው ዳገት ብርቅ ነው።

ጫፉ አካባቢ አሳማዎች መንገዱ መሃል ተኝተው ታገኛላችሁ። በሰፊው የተለቀቁ የቤት አሳማዎች ናቸው። ጥሩምባም ደወልም አይሰሙም። ቁልቁለት ላይ በ50 ስትወርዱ ከኩርባው ጀርባ አንድ ጠና ያለች አሳማ ከነልጆቿ ልትኖር እንደምትችል አስባችሁ ፍሬን ያዙ።

ዝግጁ መስመር ለሚፈልግ ጂቲ20 የሚባል አለ፤ ከባስቲያ እስከ ቦኒፋሲዮ ደሴቲቱን ይዞ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ጀማሪ ግማሹን ቢሠራም በቂው ነው።

ሰርዲኒያ ሰፋ ያለች፣ ጸጥ ያለች፣ ደረቅ ያለች ናት። ከዶርጋሊ ወደ ባውኔይ የሚሄደው አሮጌው መንገድ 1,017 ሜትር ላይ ጄና ሲላና በተባለው በር ያልፋል፤ በግራም በቀኝም ሰው የሌለበት ነጭ ድንጋይና ጫካ ነው። ከአልጌሮ ወደ ቦዛ የሚወርደው የባሕር ዳር መንገድ ደግሞ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን መሃሉ ላይ መንደር የለም። ውበቱ እዚያው ነው፤ አደጋውም እዚያው ነው። ሁለት ጠርሙስ አይበቃም፤ ሦስተኛውን ማሊያችሁ ኪስ ውስጥ ክተቱ።

የእኔ ፍርድ? ዳገት ለናፈቀው ኮርሲካ፣ ዝምታ ለናፈቀው ሰርዲኒያ። ለሁለቱም ሜይ፣ ጁን ወይም ሴፕቴምበር። ኦገስት 15 አካባቢ ግን ዝር አትበሉ። የእነሱ የማርያም ዕርገት በዓል ነው፤ እኛ ፍልሰታን ስንጾም እነሱ ባሕር ዳር ይወርዳሉ። ጣሊያን ሙሉ በሙሉ ነቅሎ የወጣ ነው የሚመስለው። አልጋ የለም፣ የጀልባ ትኬት ይወደዳል፣ ጠባቡ መንገድ በመኪና ይጨናነቃል።

ቀርጤስ፦ ለጾመኛ

ይሄንን በሌላ መመሪያ አታገኙትም። ለብስክሌት ምርጥ የሆኑት ማርችና ኤፕሪል አብዛኛውን ጊዜ ዐቢይ ጾም ላይ ይወድቃሉ። ስፔን ውስጥ "ሥጋ የሌለበት" ብላችሁ ስታዝዙ ሰላጣው ላይ ቱና ነስንሰው ያመጡላችኋል፤ ቱና ለእነሱ ሥጋ አይደለም። ኮርሲካ ሁሉም ነገር ውስጥ አይብ አለ። አንድ ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ በዳቦና በወይራ ፍሬ ዳገት ወጥቻለሁ። ይቻላል፤ ደስ ግን አይልም።

ቀርጤስ የግሪክ ደሴት ናት፤ ግሪኮች ደግሞ ኦርቶዶክስ ናቸው። ፋሲካቸው ከእኛ ፋሲካ ጋር በአንድ ቀን ይውላል፤ ጾማቸውም ከእኛው አንድ ሳምንት ዘግይቶ ቢጀምርም አብሮ ይሄዳል። "ኒስቲሲሞ" የሚለውን ቃል ያዙ፤ የጾም ማለት ነው። ዳቦ ቤት ገብታችሁ ይሄን ቃል ብትሉ ሻጩ ወደ ትክክለኛው መደርደሪያ ይጠቁማችኋል። በቲማቲም የተሠራ ትልልቅ ነጭ ባቄላ፣ የተፈጨ አተር ክክ፣ በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ፣ ከሜዳ የተለቀመ ጎመን በሎሚና በወይራ ዘይት። ጎመኑን ስቀምስ እናቴ ትዝ አለችኝ። ኦክቶፐስም ጾም ነው ይሏችኋል፣ ደም የለውም ብለው። እሱን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩበት። እስከ 9 ሰዓት ሳይበሉ ዳገት መውጣትንም እንደዚሁ፤ እኔ በበኩሌ አልመክርም።

ተራራው ቀልድ አይደለም። ነጫጭ ተራሮች የሚባሉትም ሆኑ መሃል ላይ ያለው ፕሲሎሪቲስ ከ2,400 ሜትር በላይ ናቸው፤ በኤፕሪል ጫፋቸው ላይ በረዶ ይታያል፣ ታች ብርቱካን እየተለቀመ። ከሐንያ ተነስታችሁ በአስኪፉ አምባ በኩል ወደ ደቡብ ብትሻገሩ ድንገት የሊቢያ ባሕር ከስራችሁ ይከፈታል፤ መንገዱ እየተጠማዘዘ ሖራ ስፋኪዮን ድረስ ይወርዳል። ሊማሊሞን ባሕር ዳር ያስቀመጡት ይመስላል።

ከሰሜኑ አውራ ጎዳና ግን ራቁ። በጣም ፈጣን ነው፤ ሹፌሮቹ የመንገዱን ጠርዝ እንደ ተጨማሪ መስመር ይጠቀሙበታል። ተራራው ላይ በጥይት የተበሳሱ የመንገድ ምልክቶች ብታዩ አትደንግጡ፣ ለእናንተ አልተተኮሰም። የእረኛ ውሻ ከመጣ ከብስክሌቱ ውረዱና ብስክሌቱን በመሃል አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ተራመዱ። ይሄን የሚያውቅ ያገር ልጅ ብዙ ነው። ጁላይና ኦገስት ሜልቴሚ የሚባለው የሰሜን ነፋስ ስለሚበረታ ተዉት።

ቬንቱና ቴኔሪፌ፣ በአጭሩ

የደቡብ ፈረንሳይዋን ፕሮቫንስን ለሁለት ሳምንት አልመርጣትም። ለአንድ ተራራ ግን መሄድ ይገባል። ሞን ቬንቱ 1,909 ሜትር ነው፤ ከቤድዋን በኩል 21.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ 1,600 ሜትር ያህል ያስወጣል። መጀመሪያ ጫካ ነው፣ ከዚያ ዛፍ የሌለው ነጭ ጠጠር። ችግሩ ነፋሱ ነው። በ2016 የቱር ደ ፍራንስ ውድድር በነፋሱ ምክንያት ጫፉ ቀርቶ 6 ኪሎ ሜትር ዝቅ ብሎ እንዲያልቅ ተደርጎ ነበር፤ ክሪስ ፍሩም ወድቆ ብስክሌቱ ስለተበላሸ በእግሩ የሮጠበት ቀን ነው። ጽጋቡ ግርማይ የቱር ደ ፍራንስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ተወዳዳሪ የሆነውም በዚያው ዓመት ነው። ትንበያው ሚስትራል የሚባለው ኃይለኛ የሰሜን ነፋስ አለ ካለ ቀን አሸጋሽጉ፤ ግትርነት አያዋጣም። ቀለል ያለው መውጫ በሶ ከተማ በኩል ነው።

ቴኔሪፌ ደግሞ ለዲሴምበር፣ ጃንዋሪና ፌብሯሪ ብቸኛ ምርጫዬ ነች። ፖለቲካው ስፔን ቢላትም ካርታ ላይ ለአፍሪካ ነው የምትቀርበው። ሌላው አውሮፓ ሲቀዘቅዝ እዚያ ባሕር ዳሩ ላይ 20 ዲግሪ ነው። ቴይዴ እሳተ ገሞራ 3,715 ሜትር ይደርሳል፤ አስፋልቱ ከባሕር ወለል ተነስቶ ከ2,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ስመ ጥር ተወዳዳሪዎች ልምምድ የሚሠሩበት ነው። ለጀማሪ ከብዶ ያለ ነው፤ አጭርና ቀላል መንገድ የለም ማለት ይቻላል። አንድ የሚያስደስት ነገር ልንገራችሁ፤ ሱቅ ገብታችሁ "ጎፊዮ" በሉ። የተቆላ እህል ዱቄት ነው። በሶ ነው በቃ! በውሃና በማር በጥብጣችሁ ጠርሙስ ውስጥ አድርጉት። የትኛውም ውድ የስፖርት ምግብ አይስተካከለውም።

ወረቀት፣ ጀልባና ማርሽ

ስፔን፣ ፈረንሳይ፣ ጣሊያንና ግሪክ ሁሉም ሸንገን ውስጥ ናቸው። የጀርመን ወይም የሌላ ሸንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ፓስፖርቱንና ፈቃዱን ይዞ ይሄዳል። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ከእንግሊዝ ወይም ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚመጣ ግን ቪዛ ያስፈልገዋል። ኮርሲካንና ሰርዲኒያን አንድ ላይ ካሰባችሁ ሌሊቱን ቁጠሩ፤ ማመልከቻው የሚገባው ብዙ ሌሊት ለምታድሩበት አገር ነው። ፎቶ ኮፒ ብቻ ይዞ ጀልባ ላይ መውጣት አይሞከርም።

የራሳችሁን ብስክሌት መውሰድ ከፈለጋችሁ ከአውሮፕላን ጀልባ ይቀላል። ከሊቮርኖ ወደ ባስቲያ፣ ከባርሴሎና ወደ ፓልማ፣ ከፒሬዎስ ወደ ቀርጤስ፤ ትገፉታላችሁ፣ በገመድ ያስሩታል፣ አለቀ። ለአውሮፕላን መፍታት፣ ካርቶን ውስጥ መክተት፣ ከዚያ ሲደርሱ ማኑብሪዮውን ማቃናት አለ። የኤሌክትሪክ ብስክሌት ባትሪ ደግሞ ከ160 ዋት ሰዓት ካለፈ መንገደኛ አውሮፕላን ላይ አይገባም፤ አብዛኞቹ ያልፋሉ። ባለ ባትሪዎች እዚያው ተከራዩ።

ማርሹ ላይ አትኩራሩ። ከኋላ ትልቁ 34 ጥርስ ይሁን፤ ሻንጣ ካለ ከዚያም ይብለጥ። ሁለት ካላማዳሪያ፣ ፖምፓና ተጨማሪ የፍሬን ጎማ ያዙ። ስፔን ውስጥ ከከተማ ውጭ ሄልሜት ግዴታ ነው። ጣሊያን ውስጥ ዋሻ ስትገቡና ከከተማ ውጭ ሲመሽ አንጸባራቂ ሰደርያ መልበስ በሕግ ያስገድዳል።

ጓደኛዬ መጨረሻ ላይ ቦታውን ሳይሆን ዕረፍቱን ቀየረ። ልጆች ያሉት የሥራ ባልደረባው ኦገስትን ሲፈልግ ኖሮ፣ የእሱን ሴፕቴምበር በደስታ ለቀቀለት። የሊቮርኖውን ጀልባ ቆርጧል። ባስቲያ ወርዶ፣ ቬርጂዮን ወጥቶ፣ ቦኒፋሲዮ ሊደርስ ነው። ስለ አሳማዎቹ ነግሬዋለሁ፣ አላመነኝም። ፖምፓዬንም ወስዷል።